የባልዲ ፋብሪካው «ኦኬ»

ፋብሪካ የተቀጠሩት ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ ያኔ ሥራ እንዴት ነበር ንገሪን ብለው ያዙኝ። እኔ ቀለም አልቆጠርኩም፤ እኔ ላውራላችሁ፣ እናንተ ጻፉት አልኳቸው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ነፋስ ስልክ ባልዲ ፋብሪካ የገባሁት። ባሌ ሞቶ ሦስት ልጅ ቀርቶብኛል። ከሀና ማርያም በእግሬ ነበር የምመጣው፤ መንገዱ ያኔ ጭቃ ነው፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። የመጀመሪያ ቀን ፎርማኑ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ አቆመኝ። ባልዲውን ውሃ ትሞያለሽ፣ አንጠልጥለሽ ታቆያለሽ፣ መገጣጠሚያውንና ቂጡን በደረቅ እጅ ትዳብሻለሽ። እጅሽ ካልረጠበ ማኅተሙን ትመቻለሽ አለኝ።

ማኅተሙ የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቀለበት፣ አጠገቡ ደግሞ ቆሞ እጁንና እግሩን የዘረጋ ሰው የሚመስል። «ኦኬ» ይላል ተባልኩ።

ይቺ ቃል ሥራ ፈትታ አታውቅም። ፎርማኑ አጠር አድርጎ ሲላት ቀጥሉ ማለቱ ነው፤ ካስረዘማት ቆዩ፣ አሳያችኋለሁ ነው። መካኒኩ ማሽኑ ሲነሳለት ይላታል፣ እምቢ ሲለውም ይላታል። እጀታ የምትገጥመው የመካኒሳዋ በላይነሽ ባሏን አምታ ስትጨርስ ወሬዋን የምትዘጋው በእሷ ነበር።

ዘበኛው ጋሽ ድንቁ ማኅተም ያልነካውን ከበር አያወጣም። መጀመሪያ ባልዲ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የራሳችን ምሳ ዕቃ ተጨመረ፣ ከዚያ ጃንጥላ፣ ከዚያ የፈቃድ ወረቀት። ኋላማ ታሞ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው እኔ ጋ መጥቶ መዳፉ ላይ ይመታለት ጀመር። ልማድ ሆኖብኝ፣ ከመምታቴ በፊት እነሱንም በደረቅ እጅ እዳብሳቸው ነበር።

አንድ ቀን የፖለቲካ ኃላፊው ስብሰባ ጠራና ቃሉ የኢምፔሪያሊስት ነው አለ። ማኅተሙን ወስዶ ቢሮው ቆለፈበት። በምትኩ ምን እንደሚቀረጽ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። በመጨረሻ ተግባብተናል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ፎርማኑ «ኦኬ» አለ፤ እዚያው ግለ ሂስ አወረደ።

ባልዲው አምስት ቀን ተቆለለ። በስድስተኛው ቀን በላይነሽን ምጥ ያዛት፣ ወሩ ሳይገባ። ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ከተማ ሄዷል። ደግፌ በር ድረስ ወሰድኳት።

«ማኅተምስ?» አለ ጋሽ ድንቁ።

«ተቆልፎበታል፤ ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ትጠብቅ።»

«እሷ ትጠብቅ። ልጁ ይጠብቃል?»

«ደንብ ነው እታለም። ያለማኅተም ሰው አሳለፍክ ብለው ቢያባርሩኝ ስድስት ልጅ ማን ያበላልኛል?»

በላይነሽ የበሩን ብረት ጨብጣ ጎበጠች። ተመልሼ ሮጥኩ። ካርቶን ቀደድኩ፣ ጣቴን የማኅተሙ ቀለም ውስጥ ነክሬ ቀለበቱንና ሰውዬውን ሣልኩ። በዕድሜዬ ፊደል ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ድንቁ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ካርቶኑን ደግሞ አየ።

«ኦኬ» ብሎ በሩን ከፈተ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ደረሰች፤ ሴት ልጅ ወለደች።

በማግሥቱ ኃላፊው ሁላችንን ግቢ ውስጥ አሰለፈን። የተከለከለውን ቃል በእጅ የጻፈ ሰው አለ፣ ካርቶኑ ሲገኝ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ከዚያ ሥራ የለውም አለ። ጣቴ ገና ጥቁር ነው፤ ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ሦስቱ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። የኃላፊው ሰዎች የዘበኛ ቤቱን ፍራሽ ቀደዱ፣ የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፉ። ጋሽ ድንቁ ደጃፉ ላይ ቆሎውን እየቆረጠመ ያያል፤ ስለ ካርቶኑ ሲጠይቁት ራሱን ይነቀንቃል። ካርቶን ጠፋ፤ ማስረጃ የለም ተብሎ ተበተንን። ኮሚቴውም በአዲሱ ቃል ሳይስማማ ማኅተሙ ተመለሰልኝ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት እዚያው በርሜል አጠገብ ሠራሁ። የተማርኩት ይኼው ነው፦ ማኅተም የባልዲ ነው፤ ሰው ሲያምመው በር ይከፈታል።

ጋሽ ድንቁን፣ ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ፣ የመካኒሳ አቦ ንግሥ ላይ አገኘሁት። ነገሩን ያን ቀን ነው የነገረኝ። ለካ የሣልኩት ባልዲው ላይ የሚታተመውን ሳይሆን የማኅተሙ ጎማ ላይ የተቀረጸውን ኖሮ፣ ግራና ቀኙ ግልብጥ ነበር፤ እሱም እያየ ነው ያሳለፈን። ካርቶኑንም ያን ጠዋት፣ እኛ ተሰልፈን ሳለን፣ እየቆራረሰ ከቆሎው ጋር አላምጦ ውጦታል።