ከሰማያዊው ሚኒባስ ያልለቀቀ ግጥም

«ይነበባል እኮ!»

«ጥላ ውስጥ አይነበብም።»

«መኪና ጥላ ውስጥ ነው እንዴ የሚውለው? ከመርሳ እስከ ወልድያ ድንኳን ተክለህ ልትሸኘኝ ነው?»

ሾፌሩ ይህን ብሎኝ ሰማያዊ ሚኒባሱን መኪና ከማጥብበት ላቫጆ ጣሪያ ሥር ወደ ፀሐዩ አወጣው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና የኋላውን በር በጣቱ አሳየኝ።

«ይኸውልህ። ና አንብብልኝ፤ የጻፍከው አንተ ነህ።»

ማንበብ አላስፈለገኝም።

መስታወቱን ይዛ ወጣች በማለዳ፣
የራሷ መልክ በቅቷት ባሏን አርጋ ባዳ።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ጥላው ሄዳ ግራና ከተማ አባቷ ቤት ስትገባ፣ መኪናውን ላሳጥብ ብሎ መጥቶ ከኔ ጋር ተቀመጠና ሲያወራ አመሸ። ግጥም እንደምሞክር ያውቅ ነበር። «የሚያማት ነገር ጻፍልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። ወልድያ ወስዶ በነጭ ስቲከር አስቆረጠውና ከኋላው በር ላይ አስለጠፈው። ሁለቱን ስንኞች በአንድ ወር ውስጥ መንገደኛው ሁሉ ለመዳቸው። ሐራ ገበያ ላይ ሲባሉ ሰምቻለሁ። ውርጌሳ ላይ አንዲት ማንጎ ሻጭ ለጓደኛዋ እያዜመች ስትላቸው ሰምቼ፣ ትደግማቸው እንደሆነ ብዬ የማልበላውን ማንጎ ሳማርጥ ቆይቻለሁ። የትም ታትሞልኝ አያውቅም። መጽሐፌ ያ የሚኒባስ በር ነበር።

አሁን ሽማግሌዎች ገብተው ሚስቱ ልትመለስ ተስማምታለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ያ ጽሑፍ ከመኪናው ላይ ይጥፋ። መጥፋቱን ደግሞ በዓይኗ ማየት ፈለገች። የዚያን ቀን ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሶላት በኋላ በመርሳ ስታልፍ እላቫጆው ገብታ ልታየው ነበር።

ስቲከሩን ሾፌሩ ራሱ በምላጭና በቤንዚን አንስቶታል። ችግሩ ከሥሩ የወጣው ነበር። ሾፌሩ መኪናውን በጣም ይወዳል፤ በየማለዳው አቧራውን ሳያጥብ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ከዚያ እንዲያብለጨልጭ ናፍጣ ይቀባዋል። ናፍጣው አቧራ ይስባል፣ አቧራው በነጋታው ከጨርቁ ጋር ይዞራል። ቀለሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶበታል። የቀረውን ፀሐይ በልቶታል። ስቲከሩ የሸፈነውን ቦታ ግን ጨርቁም ናፍጣውም ፀሐዩም አላገኙትም። ነጮቹ ፊደላት ሲነሱ ሰማያዊ ፊደላት ወጡ፤ ስቲከሩ ከተለጠፈበት ቀን እንዳሉ የቆዩ፣ ጥልቅ ሰማያዊ።

እኔ ፖሊሽ ማድረግ የተማርኩት ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ጠዋት በሩን በንጹሕ ውኃ አጠብኩ፤ መጀመሪያ በሻካራው ፖሊሽ፣ ከዚያ በለስላሳው፣ ማሽኑን ቀስ እያልኩ አስኬድኩት። ክቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እኩለ ቀን ላይ የላቫጆው ውኃ ታንከር ነጸብራቅ በሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ግጥሙም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የደበዘዘው ቀለም በጠራ ቁጥር የፊደላቱም ይጠራል፤ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

«በቃ፣ ቀለም ነው የሚያስፈልገው» አልኩት።

«አሁን? እሷ መንገድ ላይ ናት እኮ! ወላሂ አንተ ልጅ ትገድለኛለህ። ስትገጥመው እንዲህ አልተቸገርክም።»

አዘነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ማሸት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ «ይነበባል እኮ» ብሎ ሲጮህብኝ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ደስ ብሎት ነበር።

እሷ የመጣችው ሚኒባሱን ወደ ጥላው ከመለስነው በኋላ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዛለች። «አሰላሙ አለይኩም» አለች ለሁለታችንም፤ ባሏን ግን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ኋላው በር ሄደች። ፊት ለፊት ቆማ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጎን በኩል አየች፤ እኔ ጭረት ስፈልግ እንደማደርገው።

«አልለቀቀም» አለች።

«እየለቀቀ ነው» አለ ሾፌሩ። «ከጠዋት ጀምሮ እጃችን እስኪላጥ እየፈተግን ነው። ጠይቂው።»

«ማነው የገጠመው?»

«ማንም። ወልድያ ተዘጋጅቶ ነው የሚሸጠው። ‹ቀስ ብለህ ንዳ› ከሚለው ጋር ነው የገዛሁት።»

«መስታወቱስ?»

«የስንቱ ሚስት ናት መስታወት ይዛ የምትሄደው! አገሩ ሁሉ መስታወት የለውም በያ።»

ከንፈሯ ሊስቅ ሲል አየሁ። ልታምነው እንደፈለገች ገባኝ። ውሸት ነበር፤ ግን ሁለት ሰው ተጠግቶ ሊኖርበት የሚችል ውሸት ነበር። ጃንጥላዋን አጠፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን አየችው።

«እውነትም የገበያ ይመስላል» አለች። «ተራ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ማንም ይለዋል። እኔን ያቃጠለኝ፣ የቤታችንን ጉዳይ ለሰው ነግረህ ያስጻፍከው ስለመሰለኝ ነው። የገበያ ከሆነ ቀለም ቀባው። ዓርብ ከሽማግሌዎቹ ጋር እመጣለሁ።»

ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አልሐምዱሊላህ!»

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እጄ ላይ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ ፖሊሽ ነበር፤ ሥራዬን መቀጠል እችል ነበር።

«ተራ አይደለም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«የገበያም አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቤት ይመታል፤ አንድ የተረፈ ቃል የለውም።»

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ወደ እኔ ቀረብ አለች፤ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«መስታወቱን እሱ ነው የነገረህ?»

አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«የማን እንደሆነስ ነግሮሃል?»

ነግሮኝ ነበር። ላቫጆው ባመሸንበት ምሽት፣ የገዛላትን ወርቅ፣ ብርድ ልብሱን፣ ዕቃውን ሁሉ ትታ፣ የሟች እናቷን መስታወት ብቻ ይዛ መሄዷን ሲነግረኝ «የእናቷን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆርጦ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስጽፍ እናትየዋን በመጀመሪያው ስንኝ ሞክሬአታለሁ። እናትየዋ ስትገባ ግጥሙ መውጋቱን ተወ፤ ሴትየዋ የምታሳዝን ሆነች፣ ባልየውም አነሰ። ስለዚህ እናትየዋን አወጣኋት። የቀረው፣ በመልኳ ተመክታ ባሏን የተወች አንዲት ሴት ብቻ ነው። ሰዉም ያወቃት እንደዚያ ነው፤ ማንጎ ሻጯ ያዜመቻት እንደዚያ ነው።

«ነግሮኛል» አልኩ።

«እና?»

እንዲህ አልኩ፤

«ለግጥሙ አልሆነኝም።»

ስፖንጁን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። እሷ ለጥቂት ጊዜ አየችኝ፤ የምትፈልገው ነገር ፊቴ ላይ ያለ ይመስል።

«እሱስ መቼም እያለቀሰ ነው ያወራው» አለች። «አንተ ግን አስበህበት ነው የጻፍከው።»

«ስሚኝማ» አለ ሾፌሩ። «ይኼ ልጅ እብድ ነው፤ የግጥም እብድ ነው፤ ወላሂ ዛሬውኑ በሩን አውልቄ እጥለዋለሁ። ሌላ በር አስገጥማለሁ!»

«በሩ ምን አደረገህ?» አለችው። «ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ። ዓርብ እንዳይደክሙ።»

«እንዲህማ አይሆንም፤ ቆይ ላድርስሽ።»

«በዚህ መኪና?»

ሁለት እርምጃ ተከተላትና ቆመ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ቀሚሷን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ እኔ ያፈሰስኩትን የሳሙና አረፋ እየዘለለች፣ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ሄደች። የግቢው የቆርቆሮ በር ማንም ቢዘጋው ይጮኻል። እሷ ወጥታ፣ ከውጭ በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ገጠመችው።