መርዶ ከስልክ ይውጣ

አባቴ መሞቱን ያረዳኝ ሰው አይደለም፤ ስልኬ ነው። ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮዬ ሊፍት ውስጥ እያለሁ ጮኸ፣ ከፈትኩት። በአባቴ በኩል ያለ የአክስቴ ልጅ የአባቴን ፎቶ ለጥፎ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ፣ የእኔን ስም አያይዞበታል። ሊፍቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። በሩ ተዘጋና መልሶ ምድር ቤት አወረደኝ።

ለካ አጎቴ ከእድር ሽማግሌዎች ጋር በማግስቱ ማለዳ ጎሮ ቤቴ መጥተው ሊያረዱኝ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ቀብሩ ላይ ሊያደርሱኝ ተቀጣጥረው ኖሯል። መርዶ እኛ ዘንድ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው ለዚህ ነው፤ ስትወድቂ የሚይዝሽ እንዲኖር። እኔን የያዘኝ የሊፍት ግድግዳ ነው።

በዚያው ሰሞን ለሐዘን የሚሆን ጥቁር ቀሚስ በስልኬ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወዲያ የከፈትኩት ገጽ ሁሉ «ጥቁር ቀሚስ በቅናሽ» ይለኝ ጀመር። የአባቴ አርባ እንኳ አልወጣም። ደሜ ፈላ። በእኔ ለቅሶ ይነገድ እንዴ? በቃ አልኩ።

ገጼን ዘጋሁ። ኢሜይሌንም፣ መፈለጊያዬንም የሰው ጓዳ በማያይ ቀየርኩ። ለቤተሰቡ ደግሞ ማስታወቂያ የሌለው፣ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ባለቤቶቹ እንኳ የማያነቡት አፕ አገኘሁ። ከዚያ በየእሁዱ ከጎሮ እስከ አያት፣ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ እየወጣሁ የዘመድ ስልክ ላይ መጫን ያዝኩ።

የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። «ደህንነት ሆነሻል እንዴ? ምን የምትደብቂው አለሽ?»

አጎቴም ያው ነበሩ። «እኔ ሌባ አይደለሁ፣ ምን እደብቃለሁ?»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «መርዶ ይዘው ሲሄዱ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ ይነግራሉ?»

 ስልካቸውን ከኮት ኪሳቸው አወጡ። «እንቺ፣ አስገቢልኝ።»

ያስቸገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ የደም ግፊት አለባት። ደብረ ብርሃን ያለች ታናሽ እህቷ ታማ ነበር፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። እናቴ እንደኔ በስልክ እንዳትሰማ ፈራሁ። እሷ ግን ገጿን አልዘጋም አለች። «የሰው ሰርግ በምን አያለሁ ታዲያ?»

«ፎቶውን እኔ እየለመንኩ አመጣልሻለሁ።»

አመጣሁም። የማላውቃቸውን ሙሽሮች ሳይቀር እየደወልኩ ለመንኩ። አንድ ቀን ራሷ «ዝጊው እንግዲህ፣ ካልሽ» አለችኝ።

የእናቴ እህት ያረፈች ቀን ወሬው በአዲሱ አፕ መጣልኝ፤ እናቴ የሌለችበት የዘመድ ቡድን ውስጥ። ቢሮ ነበርኩ። ቤት ስገባ እናቴ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ሽንኩርት ትልጣለች። «ስለ እህቴ ምን ተሰማ?» አለችኝ። «ነገ ይደውላሉ» ብዬ ቢላውን ተቀበልኳትና እኔ መላጥ ጀመርኩ፤ ለእንባዬ ምክንያት አገኘሁ።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም ሳይናገር «እህቴን» ብላ ወደቀች። ወለሉ ላይ ሳትደርስ ያዟት። ቀድሞ የያዛት የአክስቴ ልጅ ነው።

በትከሻዋ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። «አንድ ፊደል አልጻፍኩም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ያን ጠዋት ለአባቴም አለቀስኩ። ጎረቤቴ ከኋላዬ ደግፋ ይዛኝ ነበር።