የመጨረሻዋ ሳትገባ

ሰፈሩ «ሳንቲሟ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጫማ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ያወጡትን ስም ደግሞ ማንም አይፍቀውም። መጀመሪያ ላይ ትቆጣ ነበር። በኋላ ግን ለመደችውና ስልክ ሲደወልላት ራሷ «አቤት፣ ሳንቲሟ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሥራዋ ሰው ማስመዝገብ ነው። «ጎረቤት» የሚባል አዲስ ማኅበራዊ ሚዲያ አለ፤ ፎቶ የሚለጠፍበት፣ ወሬ የሚወራበት፣ ባለሱቅ ዕቃውን የሚያሳይበት። ከሌሎቹ የሚለየው በክሪፕቶ መሥራቱ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ፎቶ ላይክ ሲያደርግ ከራሱ ሒሳብ ቅንጣት የምታህል ዲጂታል ሳንቲም ተነሥታ ወደ ባለፎቶው ትሄዳለች። ይህን ለወጣት ማስረዳት ቀላል ነው። ለጫማ ሰፊው ማስረዳት ግን ጉድ ነው።

«እስቲ ሳንቲሙን አሳዪኝ» ይላታል ወስፌውን አስቀምጦ።

«አይታይም እኮ። ስልኩ ውስጥ ነው ያለው።»

«የማይታይ ገንዘብማ እኔም ሞልቶኛል!»

ትስቃለች፣ በርጩማ ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ የሰፋውን ጫማ ፎቶ አንስታ ትለጥፍለታለች። ችኮላ የሚባል ነገር አታውቅም። የባለሱቁን ልጆች ስም ሳታውቅ ስለ ክሪፕቶ ትንፍሽ አትልም። አንድ ሱቅ በደረሰች ቁጥር የሱቁን በር ፎቶ አንስታ በራሷ ገጽ ላይ «ደርሻለሁ» ብላ ትለጥፋለች፤ የመሥሪያ ቤቷ ደንብ ነው። ቀኗን የምትጨርሰው ሁልጊዜ በፀጉር አስተካካዩ በር ነው፣ ሱቁ ያለው እነሱ ቤት መታጠፊያው ላይ ነውና።

ቤት ውስጥ ግን ስለ ሥራዋ አይነሣም። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ሠርቷል። ጠዋት የወጡትን አውቶቡሶች ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሲመለሱ በየቁጥሩ አጠገብ በጠመኔ ራይት ያደርጋል። የመጨረሻዋ ሳትገባ ኮቱን ከመስቀያው አያነሣም ነበር። ልጁ የውሃ ክፍያ ቢሮ የነበራትን ሥራ ትታ «ጎረቤት» ስትገባ «ደህና ወንበር ጥለሽ ንፋስ ልትሸጪ ነው?» አላት። እሷም ዝም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው «እራት ቀርቧል» እና «ደህና እደሪ» ብቻ ሆነ። እናቷ በሕይወት ብትኖር በሁለቱም ላይ ጮኻ ታስታርቃቸው ነበር። ልጅቷ ባለሱቅ ሁሉ ቢያመሰግናት የምትፈልገው የአባቷን «ጎበዝ» ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣም።

ታዲያ ገጿ ላይ «ተሳፋሪ» በሚል ስም የተመዘገበ አንድ ሰው አለ። ፎቶ የለውም፣ አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። ግን «ደርሻለሁ» ባለች ቁጥር ሳይውል ሳያድር ላይክ ያደርጋታል። ባለሱቅ ሲያመናጭቃት፣ ዝናብ ሲመታት፣ ያቺን ላይክ ስታይ ልቧ ይረጋል። ቢያንስ አንድ ሰው ወዶልኛል ትላለች።

አለቃዋ ግን አንድ ጠዋት ጠራትና የ«ተሳፋሪ»ን ገጽ የከፈተበትን ኮምፒውተር ወደ እሷ አዞረ።

«ይሄ ሰው አይደለም። አይጽፍም፣ አይለጥፍም፣ ከአንቺ በቀር ማንንም ላይክ አያደርግም። ቁጥርሽ እንዲያምር ራስሽ የከፈትሽው ነው።»

«እኔ? ኧረ በፈጣሪ!»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ሰውዬውን አምጪው። ካልሆነ የሥራ መታወቂያሽን ትመልሻለሽ።»

እንደወጣች የቢሮውን በር ፎቶ አንስታ «ተሳፋሪ፣ ማን ነህ? እባክህ ሥራዬ በአንተ እጅ ነው» ብላ ለጠፈች። ብዙም አልቆየ፣ ስልኳ ጮኸ። ላይክ አድርጎታል። ሌላ ምንም የለም። ሳቀችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። ከአንድ ፍራሽ መሸጫ ቤት «ደርሻለሁ» ብላ እንደለጠፈች የስልኳ ባትሪ አለቀ። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ አውቶቡስ ጠፋ። ጫማዋ ውሃ እየተፋ በእግሯ አዘገመች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከጀርባው ፀጉሩን ግማሽ ድረስ የተቆረጠ ደንበኛ አንገቱን ያሰግጋል። ዝናቡ ውስጥ ደግሞ አባቷ ጃንጥላ ይዞ፣ በነጠላ ጫማ ቆሟል።

«ከፍራሽ ቤቱ ወጥተሽ የት ቀለጥሽ?» አላት።

«ፍራሽ ቤት መሄዴን ማን ነገረህ?»

በእጁ ያለው ስልክ በርቷል፤ የፍራሽ ቤቱ በር ይታያል።

«እኔ የለሁበትም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አካውንቱን ከፍቼላቸዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ለማንም እንዳልናገር ግን አስምለውኛል።»

«አባዬ… ተሳፋሪው አንተ ነህ?»

«ምን ላድርግ» አለ ዓይኑን ከእሷ ላይ አሽሽቶ። «የመጨረሻዋ ሳትገባ መቀመጥ አልችልም። አመሌ ነው።»

«ታዲያ ማን ነህ ስልህ ምነው ዝም አልክ?»

«ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ መች ይታየኛል። እኔ የማየው በሩን ነው። በሩ ከታየ ደርሳለች ማለት ነው፤ ራይት አደርጋለሁ።»

እርጥብ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ጣለችና ሳታፍር አለቀሰች። እሱም ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበለና ጀርባውን ለዝናቡ ሰጠ። «ከታረቃችሁ ፀጉሬን አስጨርሱልኝ» አለ ደንበኛው።

ዓርብ አባትና ልጅ አለቃው ፊት ተቀመጡ። እሷ መታወቂያዋን አስቀድማ ጠረጴዛው ላይ አድርጋለች።

«አባቴ፣ ‹ጎረቤት›ን ለምን ወደዱት?» አለ አለቃው።

«ማን ወደድኩ አለህ? ንፋስ ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ላይክ?»

«ራይት ነው እንጂ ላይክ አይደለም» አለና ስለ ሰሌዳውና ስለ አውቶቡሶቹ አስረዳው። ከዚያ አለቃውን ትክ ብሎ አየው። «አንተስ፣ መግባትህን የሚጠብቅ ሰው አለህ?»

አለቃው መታወቂያዋን አንስቶ በሁለት እጁ መለሰላት።

ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ነዛው። ሩቅ ከተማ የምትማር ልጅ ያለቻት አበባ ሻጭ ራሷ መጥታ ተመዘገበች። ፍራሽ ነጋዴው ከነሾፌሮቹ ገባ። ጫማ ሰፊው እንኳ የወንድሙን መድረስ ለማወቅ ሲል ገባ። ስለ ሳንቲሙ የጠየቃት የለም።

አባቷ ሥራዋን እስከ ዛሬ ንፋስ ይለዋል። የቀኑ መጨረሻ ፎቶዋ ግን አሁን የራሳቸው ቤት በር ነው። ደጅ ቆማ ትለጥፈዋለች። ኮቴዋን እንደሰማ ታውቃለች፣ ሳሉም ይሰማታል፤ ግን አይከፍትም። መነጽሩን ይፈልጋል፣ ስልኩን ይፈልጋል፣ ራይቱን ያደርጋል። በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«ገባሽ?» ይላታል።

«ገባሁ፣ አባዬ።»