መቀስ የቆረጠው ምት

ኤራክሊዮ ቤታንኩር ከፖርቶሪኮ ኒውዮርክ ሲገባ የያዘው ሀብት፣ አባቱ ከጠንካራ እንጨት ጠርበው የሰጡት ሁለት አጫጭር ዱላዎች ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል፤ እሁድ እሁድ ግን በምሥራቅ ሃርለም፣ በፀጉር አስተካካዩ በዶን ፕላሲዶ ባንድ ውስጥ ዱላዎቹን ያጋጫል። ሦስት ምት፣ ቀጥሎ ሁለት፤ እንደገና ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት። ሲያዩት ቀላል ነው። ዘፋኙም መለከቱም ከበሮውም የሚቆሙት ግን እሱ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ሌባ እንኳ ታስሮ ሲፈታ ይቅር ይባላል፤ ሦስትና ሁለቱን አምታቶ ምት የገለበጠ ሰው ግን ይቅርታ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1961 በጋ ላይ መሃል ከተማ ያለ አንድ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ አስጠራው። አንድ የፍቅር ዘፈን አልራመድ ብሏቸው ነበር። ኤራክሊዮ ቆሞ አዳመጠና ዱላዎቹን አወጣ፤ በሦስተኛው ሙከራ የክፍሉ ሰው ሁሉ እግሩ አላርፍ አለው። ኃላፊው ሚስተር ፌሪስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ስምህ ሽፋኑ ላይ ይወጣል አለው። የኤራክሊዮ ልብ ቅቤ ጠጣች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሱ አፍ ያመለጠው ደግሞ እዚያው ራስ በሚላጭበት ቤት ነው። ለዶን ፕላሲዶም፣ ተራ ለሚጠብቀውም፣ ሳሙና ለተቀባውም አወራ። ሸክላው ሲወጣ እዚሁ እንሰማዋለን ብሎም ቃል ገባ።

ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ፣ የፌሪስ፣ ፎቶ ያነሳው ሰው ስም ሳይቀር አለ፤ የሱ ግን የለም። ያንንም ዋጠው። ዶን ፕላሲዶ ምላጫቸውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ ይከተሉ ጀመር። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ከሦስቱ ቀጥሎ ሁለት ሲጠበቅ፣ እንደገና ሦስት መጣ።

"ይሄ አንተ ነህ?"

"ዱላው የኔ ነው ዶን ፕላሲዶ። ግን እንዲህ አልመታሁም። ዘፈኑ ረዝሞባቸው የቴፑን ክር በመቀስ ቆርጠው ቀጥለውት ነው።"

ዶን ፕላሲዶ የራሳቸውን መቀስ አንስተው ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። "ሠላሳ ዓመት ስቆርጥ የሰው ምት ቆርጬ አላውቅም።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ ኤራክሊዮ ወደ ባንዱ ሲሄድ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

ያልተቆረጠውን ክር አንዴ ብቻ ለዶን ፕላሲዶ እንዲያሰሙለት ሊለምን ፌሪስ ዘንድ ሄደ። ፌሪስ የመጣበት ሰው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ቁራጩ ተጥሏል አለው፤ ሕዝቡ አብልጦ የወደደው ደግሞ ያቺን የምታደናቅፍ ቦታ መሆኑን እየሳቀ ነገረው። አልዋሸም። አሜሪካ ሙሉ እየተደናቀፈች ትጨፍር ነበር።

ሰፈሩ "መቀስ" አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን ከሁሉም በኋላ የሰማው እሱ ነው፤ ያውም ከገዛ ሴት ልጁ አፍ። አንድ ሰው ባልሠራው ጥፋት እንዲህ ሲዋረድ ያበግናል፤ ማንም ግን አልበገነም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዶን ፕላሲዶ የመጨረሻ ልጃቸውን ሲድሩ ዱላ መቺው ታመመና፣ ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ ኤራክሊዮን አስጠሩት። ዱላዎቹን በዘይት ወልውሎ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ መጣ። ቦታውን የሚያስመልሰው ይህ ቀን እንደሆነ ያውቃል።

ወጣቶቹ ያንኑ ዘፈን ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ኤራክሊዮ ያኔ እንደመታው መታ፦ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት። ባንዱ ተደነባበረ፤ ሙሽራዋ የባሏን እግር ረገጠች። ማንነቱን የማያውቀው ጊታር መቺ ጎንበስ ብሎ፣ "አባባ፣ እዚህ ጋ ሦስቱ ይደገማል። ሸክላውን ሰምተውት አያውቁም?" አለው።

ኤራክሊዮ ወደ ዶን ፕላሲዶ ዞረ። የፈረዱበት እሳቸው ናቸው፤ አሁን የሚፈቱትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ልጁን ተከተል እንጂ መቀስ" አሉ ሽማግሌው። "ሰርጌን አታበላሽብኝ።"

ተከተለ። ሦስት፣ እንደገና ሦስት። የዶን ፕላሲዶ እግር ከጠረጴዛው ሥር አንዴም ሳይስት አብሮት ሄደ።