ሙጫ እና ረጅሟ ሴትዮ

ሙጫ ይሏታል፤ እጇ የገባ ኳስ መች ይላቀቃል። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቀን ቀን ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ትውልና፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ወንዶቹ ሜዳውን ሲለቁላቸው፣ ከጓደኞቿ ጋር ለኳስ ፍቅር ብቻ ስትለማመድ ኖራለች። ኳሱን የምትይዘው ከማየት ይልቅ በመስማት ነው ማለት ይቻላል።

ትናንት ግን የሜዳው ባለቤት የሆነው ክለብ የሴቶቹን ቡድን በደመወዝ አስፈረመ። ዛሬ ጠዋት፣ ካውያው ያለ እሷ በሚግልበት ሰዓት፣ ሙጫ ጎል ላይ ቆመች። "ለዚህ ደግሞ ሊከፍሉኝ" እያለች ለብቻዋ ትስቃለች። ፍርሃትም አልቀረላትም፤ ደመወዝ ካለ የተሻለች በረኛ መፈለጋቸው አይቀርም ብላ ታናሽ እህቷ አሟርታባታለች።

ፀሐይዋ ከጀርባዋ ነበረች። አጥቂዋ መታች። ሙጫ ወደ ግራ ልትወረወር ስትል፣ እጇን የዘረጋች ረጅም ጥቁር ሴት ከፊቷ ዘልላ ቀደመቻት። ደንግጣ ቀጥ አለች፤ ኳሱም እያፏጨ መረቡ ውስጥ ገባ።

አሰልጣኟ እየሮጠች መጣች። "ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ይቺን በጨለማ ትይዣት የለ እንዴ?"

ሙጫ መሬት ላይ የተጋደመውን የራሷን ጥላ እያየች አፈረች፤ በዚህ ሜዳ አይታው አታውቅም። "ሌላ በረኛ ያመጣችሁብኝ መስሎኝ ነው።"

አሰልጣኟ ጥላውን ከእግር እስከ ራሱ በዓይኗ ለካችው።

"እሷንም አስፈርመናታል" አለች። "በሉ፣ ሁለታችሁም ወደ ቦታችሁ።"