የኦቦ ሆርዶፋ እሽግ

ኦቦ ሆርዶፋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጋዝ ውሃ ጠርሙስ ላይ ቆርኪ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የከደናቸው ጠርሙሶች ቢደረደሩ ከአምቦ ነቀምት ደርሰው ይመለሳሉ፤ አንድም ለሾፌሩ ይተርፋል። ጋዙ የወጣበትን ጠርሙስ በሩቁ በጆሮው ይለያል። ሠርግ ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከቀረበለት ሙሽሮቹን ሳይመርቅ ውልቅ ነው።

ጡረታ ሲወጣ አምቦ ዳር ያለ አንድ የምርምር ግቢ በጥበቃ ቀጠረው። እዚያ ለንሳ የምትባል ተመራማሪ እበትና የገበያ ጥራጊ ቀላቅላ ባዮጋዝ ታወጣለች። ሦስት ዓመት የለፋችበት ጉድጓድ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ የሲሚንቶ ጉልላቱ ከመሬት ብቅ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ የማእድ ቤቱ ምድጃ በዚህ ጋዝ ሲነድ ያያል፤ ካልነደደ ምርምሩ ይዘጋል።

ሆርዶፋን ግን ሌላ ነገር ነው የነከነከው። ከጉልላቱ የወጣ ቀጭን ቱቦ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ጋዝ እየወጣ! ያውም እንግዳ ሊመጣ! ትናንት ከሰዓት የቱቦውን ጫፍ በጎማ ጠቅልሎ በሽቦ ጠፈረው። ጸጥ አለ።

«አሁን ሰው ሆንክ» አለው ጉድጓዱን።

ጠዋት ኮሚቴውን ልታመጣ የሄደችው ለንሳ ጊንጪን ስታልፍ ከመኪናቸው ውስጥ ደወለች።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ? ጠርሙሱ ይንቦለቦላል አይደል?»

«የምን መንቦልቦል! አንዲት ትንፋሽ አታመልጥም፤ በእጄ አሽጌዋለሁ።»

የኮሚቴው ሳቅ በስልኩ ይሰማል። የእሷ ድምፅ ግን ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

«ለንሳ? ልጄ?»

«አባባ... እሱ እኮ ትርፉ ግፊት የሚወጣበት ነው። ጉልላቱን ይዩልኝ እስቲ።»

ዞሮ አየ። ትናንት ያልነበረ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ጉልላቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። ከስንጥቁ ሥር ያለው ሣር ነፋስ ሳይኖር ወደ ማእድ ቤቱ መስኮት ያዘነብላል። የበሰበሰ እንቁላል ሸተተው። በቀጭኑ የሚያፏጨውንም ድምፅ ጆሮው ያውቀዋል፤ ሊፈነዳ የተቃረበ ጠርሙስ እንዲህ ነው የሚለው።

«እሳት እንዳይለኮስ! ጉዴን ያስቁሟት!» ትላለች ለንሳ።

ጉዴ የግቢው ወጥ ሠሪ ናት። እንግዶቹ ሲደርሱ ምድጃው ሞቆ ይጠብቃቸው ብሎ ክብሪት እንድትገዛ የላካት ራሱ ሆርዶፋ ነው።

«ጉዴ!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሷ በመስኮቱ ቀደመችው።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ ያስገዙኝ ክብሪት እኮ እርጥብ ነው! ሁለቱ እምቢ ብለውኛል፤ ሦስተኛዋን ልሞክር!»

ጭረቷን ሰማ። ያ ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም፤ ይቺኛዋ ደረቅ ነበረች።