ታይዋን ገበያ መሃል መሬት ላይ የተነጠፈ ሻሽ

ማክሰኞ። የጠዋቱ ቆጠራ፦ መስታወቱ የረገፈ ሱቅ አምስት፣ ሆስፒታል ያደረ ሰው አራት፣ የሞተ አንድ።

አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሞተች ለተባለችው ሴት ወንድም ደወልኩ። አነሳው። ሲያለቅስ እየሰማሁት እንኳ አላመንኩም። ሆስፒታል ሄጄ በዓይኔ አየሁ።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ገጽ የምታውቁኝ አዲስ የገባ ሻሽና አንሶላ ስለጥፍ ነው። ዛሬ የምለጥፈው ዕቃ የለም። ሂክማ ሞታለች። ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ የምታስተምረው፣ ገበያችን "ጠያቂዋ" የሚላት ሂክማ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቷን በድንጋይ ተመታች፣ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

መጀመሪያ ስትመጣ ከገቢዎች የተላከች መስሎን ነበር። ደብተር ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች። ጎረቤቴ ሳምንት ሙሉ ግማሹን ዕቃ ደብቆ ከረመ። እኔ ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

"እህቴ፣ ሥራሽ ምንድነው?"

"ሰው እንዴት እንደሚኖር ማየት።"

"ለዚህ ደሞዝ ይከፈላል?"

"ትንሽ። አንተ ግን በነጻ ብታይ ይጠቅምህ ነበር፣ አቦ ከማል።"

በሦስተኛው ሳምንት "ባንኮኒህን ወደ ኋላ ግፋው" አለችኝ። ከገጠር፣ ከሐርላና ከቢዮ አዋሌ መጥተው ወተት ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች ሱቄ በር ላይ ቆም ብለው ያልፉኝ ነበር። ዋጋዬ የተወደደባቸው መስሎኝ ስቀንስ ከረምኩ። እሷ ቁጭ ብላ ያየችው ሌላ ነው። አንዷ ትገዛለች፣ አራቱ ጨርቁን ይዳስሳሉ፣ ያሾፋሉ፣ ይፈርዳሉ። የእኔ ሱቅ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል። ከኋላ የቀረችው ምንም ስለማታይ "እንሂድ" ትላለች፣ ሁሉም ይሄዳሉ። ገፋሁት። ከዚያ ወዲህ አምስቱም ገብተው ይጨቃጨቁብኛል፣ ገዝተው ይወጣሉ።

"ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?" አልኳት።

"አዎ፣ ባንኮኒ ለመግፋት።"

ጠብ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ያቺ ጥያቄዋ ነበረች፦ "ቆይ፣ መጀመሪያ ማን ለማን ሰላም አለ?" እኛ ማን መታ እንላለን፣ እሷ ስለ ሰላምታ ትጠይቃለች። አምና ሁለት የጫኝና አውራጅ ቡድኖች ጩቤ ሲማዘዙ ነገሩን ያገኘችው በዚሁ ነው። የአዲሱ ቡድን አለቃ የነባሩን ቡድን ሽማግሌ አለቃ ሰላም ሳይል ነበር ጭነት የነካው። ሄዶ እጁን ጨበጠው፣ አለቀ።

ትናንት እነዚያው ሁለት ቡድኖች በአንድ መኪና ጭነት እንደገና ተያያዙ። ጠቡ ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ጠባብ መተላለፊያ ገባ። ፌሮ ብረት፣ ዱላ፣ ድንጋይ። አንዱ ጥርሱን ከነደሙ ሲተፋ አየሁ። ሌላው መስታወት ላይ ተገፍትሮ ክንዱ እስከ አጥንቱ ተከፈተ። ደሙ አንሶላዎቼ ላይ ተረጨ። የብረት በሬን ግማሽ ድረስ ዘጋሁ።

ሂክማ በአጠገቤ አለፈች። "አትግቢ" አልኳት። "ያቆማሉ" አለች።

ሻሿን ከራሷ አውልቃ በሁለቱ መሃል መሬት ላይ አነጠፈች። በእኛ አካባቢ ሴት እንዲህ ካደረገች ወንድ ሻሹን አይሻገርም። ፊት ያሉት ቆሙ። ወላሂ ቆሙ። አንዱ ያነሳውን ብረት ቀስ ብሎ ሲያወርድ አይቻለሁ።

ከኋላ ያሉት ግን አላዩም። ያ ልማድ የሜዳ ልማድ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያይበት። እዚህ መተላለፊያ ውስጥ ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ወጣት በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ድንጋይ ወረወረ። ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት። ሂክማ ሻሿ ላይ ወደቀች።

ባንኮኒዬን ያስገፋችኝ ሴት ይህን እንዴት ሳታየው ቀረች? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ምናልባት አይታዋለች፣ ግን ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ከቀብር ስንመለስ ሰባት ሰዎች ሱቄ በር ላይ ጠበቁኝ። ሁሉም እሷ ያስታረቀቻቸው ጫኝና አውራጆች ናቸው። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ቢዮ አዋሌ አባቱ ቤት ሸሽቷል።

"ጋሽ ከማል፣ የፒካፕ መኪናህን ቁልፍ ስጠን።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"እዚያ ቤት ማን ማን አለ?"

"ማንም ይኑር።"

አንዱ ቀረብ አለኝ። "አንተ ሻሽህን ሽጥ። ሴት መሃል ገብታ ስትሞት በርህን ዘግተህ ቆመሃል።"

እውነቱን ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እጄም ጨብጦታል። ልሰጣቸው ብቻ ሳይሆን ራሴ ልነዳላቸው ፈልጌ ነበር። የዚያን ልጅ ጭንቅላት በድንጋይ ስፈጠፍጥ በሐሳቤ አይቻለሁ። አልዋሽም።

ከዚያ እሷ ብትሆን የምትጠይቀውን ጠየቅኩ። "ልጁ ሻሹን አይቷል?"

"ገድሏታል" አለ አንዱ።

"ቆማችሁ ነበር። አይቷል ወይ?"

"አላየም" አለ ያ የሰደበኝ። "ከኋላ ነበር።"

"አይቶ ተሻግሮ ቢሆን እኔም አብሬያችሁ እሄድ ነበር። ሳያይ ሰው ገድሏል። ለዚህ ሕግም አለ፣ ሽማግሌም አለ። አባቱን ብትገድሉ ግን እናንተ አይታችሁ ነው የምትገድሉት።"

"እስከ ነገ ዙሁር" አሉኝ። "የልጁ ቤተሰቦች መጥተው ይቅርታ ለመጠየቅ ለቅሶ ቤት በር ላይ ካልቆሙ በእግራችንም ቢሆን እንሄዳለን።" መምጣት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ግን መንገድ ላይ እንገደላለን ብለው ፈርተው ይቀራሉ።

ሂክማ፣ ሁለት ዓመት ሱቄ በር ላይ ስትቀመጪ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሥራሽ አጥብቄ አልጠየቅኩሽም። ሻሽሽ እኔ ጋ ነው፣ አላጠብኩትም። ለእናትሽ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? እንዲህ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። ማረፊያሽ ሰፊ ይሁን። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።

ነገ፦ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ በፒካፑ ቢዮ አዋሌ። አባትየውንና ልጁን ይዞ መመለስ። ልጁን ፖሊስ ጣቢያ ማድረስ፣ አባቱን ከዙሁር በፊት ለቅሶ ቤት።